ወይዘሮ ወይንሸት መልካሙ እና የግቢያችን ተቀጽላ

ክቡራን አባቶች ካህናት፣ የእድራችን አባላት፣ ከወልድያ፣ ከመርሳ፣ ከሐራና ከግራና ሥራችሁን ትታችሁ ከእኛ ጋር ልትውሉ የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች ሁሉ፤ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል። የወይዘሮ ወይንሸት መልካሙን ዜና ሕይወት የመሥሪያ ቤታቸው ባልደረቦች አዘጋጅተው ይዘው መጥተው ነበር፤ ልማዱም ሐዘኑ ትንሽ ራቅ ያለለት ዘመድ፣ ድምፁ ሳይቆራረጥ እንዲያነበው ነው። እኔ ባለቤታቸው ንጉሴ ግን ለማንም አልሰጥም ብያለሁ። እኚህን ሴት በሕይወት ሳሉ ከአንድ ሙሉ ወረዳ ሕዝብና ከአንድ ተክል ጋር ስሻማቸው ኖሬያለሁና፣ ዛሬ ይህችን ንባብ ለሌላ የምለቅበት አንጀት የለኝም። ቅናተኛ የምትሉኝ ካላችሁ እውነታችሁን ነው፤ እርሳቸውም ሲሉኝ የኖሩት ይህንኑ ነው።

ወይዘሮ ወይንሸት ከአባታቸው ከአቶ መልካሙ አራጋውና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለ ይመር፣ በሐብሩ ወረዳ ግራና አካባቢ በ1962 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው በወንዙ መስኖ የሚያለሙት የብርቱካን ማሳ ነበራቸው፤ በዚያ ብርቱካን ላይ ተቀጽላ ወጣ። ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ተቀጽላ ሥሩ መሬት የማይነካ ተክል ነው፤ ወፍ ፍሬውን በልታ ሙጫ የመሰለውን ዘር ከአፏ ቅርንጫፍ ላይ ስትጠርገው፣ ዘሩ እዚያው ይበቅልና ሥሩን በቅርፊቱ ውስጥ ሰድዶ፣ ዛፉ ከምድር የሳበውን ውሃ እየተሻማ ይኖራል፤ በበጋ ዛፉ ሲገረጣ እርሱ ይለመልማል። በአገራችን ደግሞ ተቀጽላ መድኃኒት ነው፤ የየዛፉ ተቀጽላ ለየሕመሙ ይፈለጋል፤ የብርቱካኑ እንደ ልብ ስለማይገኝ ፈላጊው ብዙ ነበር። አቶ መልካሙም መድኃኒት ሊለምን ደጃቸው የመጣን ሰው ባዶ እጁን መመለስ ነውር ስለሆነባቸው፣ ተክሉን ከነቅርንጫፉ ቆርጠው በመጣል ፈንታ ለጠያቂው ሁሉ ቅጠሉን እየሸመጠጡ ሲሰጡ ኖሩ። የተሸመጠጠ ተቀጽላ ግን መልሶ ያቆጠቁጣል። ወይዘሮ ወይንሸት ገና ልጅ ሳሉ ያ ሁሉ ብርቱካን ደርቆ ለማገዶ ተፈለጠ፤ ማሳውም ማሽላ ተዘራበት። እርሳቸው ካደጉ በኋላ ይህን ሲያነሡ፣ አባዬ በደግነቱ ከሰረ ይሉ ነበር እንጂ አንድ ቀን አባታቸውን ሲወቅሱ አልሰማሁም።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በግራና፣ ቀጥሎም በመርሳ ተከታትለው ለሁለተኛ ደረጃ ወደ ወልድያ በመጡ ጊዜ፣ እኔ እዚያው ክፍል ነበርሁ። የባዮሎጂ መምህራችን ስለ ጥገኛ ተክሎች ሲያስተምሩ፣ እርሳቸው ከመቀመጫቸው ተነሥተው የአባታቸውን ብርቱካን ነገር ሲያስረዱ ክፍሉ በሙሉ ጸጥ ብሎ ይሰማቸው ነበር፤ እኔ ግን የሚሰሟቸውን ወንዶች ልጆች እያየሁ ደሜ ይፈላ ነበር፤ ይህ እንግዲህ ገና ሰላምታ እንኳ ሳንለዋወጥ ነው። ከዚያም በዕፅዋት ሳይንስ በዲግሪ ተመርቀው፣ በሌላ ከተማ የተሻለ ሥራ ቢያገኙም ትተውት ወደ አገራቸው ተመለሱና መርሳ ላይ የወረዳው የዕፅዋት ጥበቃ ባለሙያ ሆኑ። እኔም ወልድያ አማርኛ አስተምር ስለነበር ለእኔ ሲሉ የመጡ መስሎኝ ደስታዬን አልቻልሁትም ነበር። የመጡት ለተቀጽላው ነው።

በ1989 ዓ.ም. በሥርዓተ ተክሊል ተጋባን። ሙሽራ ይዘን ከግራና ወደ ወልድያ ስንመለስ፣ መርሳን አልፈን ጥቂት እንደሄድን፣ መኪናው ይቁም አሉ። ሚዜዎቼ ራሳቸውን አዙሯቸው ነው ብለው ውሃ ፍለጋ ሲራወጡ፣ እርሳቸው ቬሏቸውን በሁለት እጃቸው ሰብስበው በእርሻው መካከል አቋርጠው ሄዱና ከአንድ ዋንዛ ሥር ቀና ብለው ቆሙ። ለካ ተቀጽላ በዋንዛ ላይ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። ከኋላ ያለው አጃቢ ጥሩንባውን ሲያንባርቅ፣ ሴቶቹ ደግሞ እልልታቸውን አቋርጠው ሲተያዩ፣ እኔ በአዲሱ ሱፌ ጭቃ ውስጥ ገብቼ ጃንጥላ ያዝሁላቸው። ፎቶ አንሺው ተከትሎን ስለነበር ከሠርጋችን ፎቶዎች ሁሉ ያማረው የወጣው እዚያ ነው፤ እኔ እርሳቸውን አያለሁ፣ እርሳቸው ተቀጽላውን ያያሉ።

ሁለተኛ ዲግሪያቸውን የሠሩበት ጥናት፣ ይህ ተክል በየትኞቹ ዛፎች ላይ እንደሚያርፍና ወደ ፊት እስከ የት ሊደርስ እንደሚችል የሚመረምር ነበር። ከግራና እስከ ሐራ፣ ከመርሳ እስከ ወልድያ ዳገት በእግርና በባጃጅ እየዞሩ ብርቱካኑን፣ ሎሚውን፣ ኮኩን፣ ዘይቱኑን፣ ግራሩን፣ ግራቪሊያውን ሲመረምሩ ከረሙ፤ በመጨረሻም ሙቀቱንና ዝናቡን፣ የአገሩን ከፍታና የዛፉን ዓይነት አገናዝበው፣ ተቀጽላው የሚመቸውን ቦታ ሁሉ በቀይ ቀለም የሚያሳይ ካርታ አወጡ። ቀዩ ከቆላው ተነሥቶ ወደ ወልድያና ወደ ጉባ ላፍቶ ዳገት ይወጣል፤ ገና ያልደረሰበት ግን ሊደርስበት የሚችል አገር ነው ማለት ነው። ያ ካርታ በሳሎናችን ግድግዳ ላይ፣ የሠርጋችን ፎቶ ተሰቅሎበት በነበረው ምስማር ላይ ተሰቀለ፤ ፎቶው ወደ መኝታ ቤት ገባ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ስለ ካርታው ይጠይቃል፤ ስለ ፎቶው የጠየቀኝ የለም።

ከጥናቱ በኋላ ለገበሬው ያስተማሩት ነገር ሲሰሙት ቀላል፣ ሲያደርጉት ግን የሚያስጨንቅ ነበር፤ ቅጠሉን መሸምጠጥ ዋጋ የለውም፣ ተቀጽላው ከተቀመጠበት አንድ ክንድ ዝቅ ብሎ ጤነኛውን እንጨት ጨምሮ መቁረጥ ነው፣ ያውም ፍሬው ሳይቀላና ወፍ ሳትቀምሰው። ፍሬ ያንዠረገገ ቅርንጫፍ እንዲቆርጥ የተጠየቀ ሰው ሁሉ ፊቱ ይጠቁር ነበር። ያለማንም አስገዳጅ ቀድመው የቆረጡት የግራናው አትክልተኛ አቶ ኢዘዲን ናቸው፤ ማሳቸውም አገገመ። መድኃኒት ፈላጊ ሲመጣም ወይዘሮ ወይንሸት እንደ መከሯቸው ቅጠል ሸምጥጠው ሳይሆን የተቆረጠውን ከነቅርንጫፉ ይሰጡታል፤ እንግዳም አላፈረ፣ ብርቱካኑም አልሞተ። ከዚያ ወዲህ አቶ ኢዘዲን ዛፍ ይወጡላቸዋል፣ በየሰፈሩ ይመሯቸዋል፣ የመጀመሪያውን ብርቱካን አልሐምዱሊላህ ብለው እቤታችን ድረስ ይልካሉ። ይህ ሁሉ ደግ ነው። ዳሩ ግን ወይንዬ ብለው ይጠሯቸው ነበር። ወይንዬ የሚለውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። አቶ ኢዘዲን እዚህ አሉ፣ ይሰሙኛል፤ ይስሙ።

ወይዘሮ ወይንሸት የሁለት ልጆች እናት ነበሩ። ዳዊትና ቤተልሔም አፋቸውን ሲፈቱ የዛፍ ስም ከእኔ ስም ቀድሞ እንደ ወጣቸው ጎረቤት ይመሰክራል። በግቢያችን ደግሞ አንድ ዘይቱን አለ። በዚያ ዘይቱን ላይ ወፍ ያመጣችው ተቀጽላ ሲበቅል እኔ ወዲያው መጋዝ አነሣሁ፤ እርሳቸው ግን ወልድያ ላይ እንዴት እንደሚያድግ በዓይኔ ልየው ብለው መጋዙን አስጣሉኝ። እንዳይስፋፋም ፍሬው ሊቀላ ሲል በመቀስ ይለቅሙት ነበር። ከሥራ ሲገቡ ቦርሳቸውን ሳያስቀምጡ፣ እኔንም ደኅና ዋልህ ሳይሉ፣ መጀመሪያ ቀና የሚሉት ወደ እርሱ ነው። በበጋ ውሃ በሰልፍ በሚቀዳበት ወቅት ዘይቱኑን ሲያጠጡ፣ ውሃውን የሚጠጣው ማን እንደሆነ አውቅ ነበርና ውስጤ ይቃጠል ነበር።

በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ከቤታችን ወጥተን በስደት በቆየንባቸው ወራት ፍሬውን የሚለቅም ሰው አልነበረም። ስንመለስ በጎረቤታችን በወይዘሮ ማና ኮክ ላይ ሦስት አራት ቡቃያ ተጣብቆ አገኘን። ሌላው ሰው የተሰበረ በሩንና የተወሰደ ዕቃውን ሲያይ፣ እርሳቸው ወደ ሰው ግቢ ለመግባት እየለመኑ በየዛፉ ላይ ወጥተው ቡቃያውን ከነቅርንጫፉ ቆረጡ፤ በካርታዬ ላይ የቀላው ቦታ በእኔ እጅ እንዲሞላ አልፈልግም ሲሉም ሰማኋቸው። የግቢያችንን ግን ያን ጊዜም አላስነኩኝም።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ ባደረባቸው የጉበት ሕመም በወልድያ፣ በደሴና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆይተው፣ ሐኪሞች የሚቻላቸውን ሁሉ ካደረጉ በኋላ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። አልጋቸው ዘይቱኑን በሚያሳየው መስኮት አጠገብ እንዲሆን ጠየቁ፤ አደረግን። ልጆቻችንም፣ የሥራ ባልደረቦቻቸውም፣ አቶ ኢዘዲንም እየገቡ ይጠይቋቸው ነበር፤ ለእያንዳንዱ የሚሉት ነበራቸው። አንድ ቀን ግን ሁሉንም አስወጥተው እኔን ብቻ አስቀሩና፣ ከእንግዲህ የሚለቅመው የለምና ፍሬው ሳይቀላ በገዛ እጅህ ቁረጠው አሉኝ። ከዚያም፣ ደግሞ አንድ ክንድ ዝቅ በል፣ እንደ አባዬ ቅጠሉን ሸምጥጠህ እንዳትተወው፣ ብለው ሣቁብኝ።

ይህን አደራ ለመሥሪያ ቤቱ አልሰጡም፣ ለልጆቻቸው አልሰጡም፣ ለአቶ ኢዘዲንም አልሰጡም። የእኔ ብቻ ነው። ስንት ዓመት መጋዝ ይዤ ስከለከል የኖርሁትን ተቀጽላ አሁን ቁረጥ ተባልሁ፤ እሺም አልሁ፤ ግን አልቆረጥሁም። መሰላሉን ደግፌ መጋዙን ስይዝ እርሳቸው በመስኮቱ ወደዚያው ሲያዩ አያቸዋለሁ፤ እርሱን ሲያዩ ደግሞ ፊታቸው ይፈካል፤ የሚያዩትን ነገር ከፊታቸው ላነሣ አልቻልሁም። እየቀናሁም ቢሆን ለዚያ ቅጠል ዘብ ቆምሁ። ወይዘሮ ወይንሸትም ትናንት ጠዋት በተወለዱ በሃምሳ ስድስት ዓመታቸው፣ ንስሓ አባታቸው ካቆረቧቸው በኋላ፣ ፊታቸው ወደ መስኮቱ እንደ ዞረ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ወይዘሮ ወይንሸት ወልደው ያሳደጓቸውን ዳዊትንና ቤተልሔምን፣ አረጋዊት እናታቸውን ወይዘሮ አስካለን፣ ወንድማቸውን አቶ እስራኤልን፣ ብርቱካኑ በእርሳቸው ምክር የዳነለትን የሐብሩ ገበሬ ሁሉ፣ እኔንም ባለቤታቸውን ጥለው ሄደዋል። በግቢያችንም ፍሬው መቅላት የጀመረ ተቀጽላ ትተዋል። አቶ ኢዘዲን ትናንት ለልቅሶ ሲገቡ ቀና ብለው እንዳዩት አይቻለሁ፤ ዛሬም በፌስታል መጋዝ ይዘው እንደ መጡ አይቻለሁ። አቶ ኢዘዲን፣ እግዜር ይስጥልኝ። ከዚህ ተመልሰን ድንኳን ሳንገባ እቆርጠዋለሁ፤ እርስዎ መሰላሉን ይያዙልኝ፣ ክንዱን ስለካም አይተው ዝቅ በል ይበሉኝ። መጋዙን ግን አልሰጥም።

ነፍሳትን የፈጠረ ልዑል እግዚአብሔር የወይዘሮ ወይንሸትን ነፍስ ከደጋጎቹ አባቶችና እናቶች ጋር በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለእናታቸውና ለልጆቻቸው መጽናናትን ይስጥልን። እኔም በጊዜዬ እስክመጣ ድረስ፣ ከጎናቸው ያለውን ቦታ ለማንም ጻድቅ እንዳይሰጥብኝ እለምነዋለሁ። አሜን።