በኮርኒሱ ውስጥ የቀረው አሥር ቮልት

በሰፈሩ የኤሌክትሪክ መስመር የሚዘረጉትን ሽማግሌ በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ ሁሉም «ጋሽ መዳፍ» ይላቸዋል። የሽቦን ጤንነት የሚፈርዱት በመዳፋቸው ዳብሰው ነዋ! ሽቦው ከሞቀ ታሟል፣ ከቀዘቀዘ ድኗል፤ ከዚህ ሌላ ምርመራ አያውቁም።

አንድ ቀን ጠዋት አንዲት ዳቦ ጋጋሪ ቀደም ሲል የዘረጉላትን መስመር እንዲያዩ ወደ ዳቦ ቤቷ ጠርታቸው ሥራቸውን እየጨረሱ ሳለ የእህታቸው ልጅ ዳቦ ልትገዛ ገባች። ልጅቷ የኬብል ፋብሪካ ፈታሽ ናት፤ ወደ ሥራዋ እየሄደች ስለነበር የመለኪያ ቦርሳዋን በትከሻዋ አንግታለች።

«አጎቴ! ምን እግር ጣለዎት?»

«የዚህች ምድጃ ስንፍና» አሉ ጋሽ መዳፍ። «አዲስ ሆና ሳለ ዳቦ ታገረጣለች። ሽቦውን በቆጣሪው በኩልም በምድጃው በኩልም ዳበስኩት፤ እንደ ምንጭ ውሃ ቀዝቃዛ ነው። ምድጃዋ ሙቀት አልለመደችም እንጂ መስመሩስ ንጹሕ ነው። ቀኑን ሙሉ ሳትጠፋ ትንደድ ብያለሁ።»

ልጅቷ ወደ ኮርኒሱ ቀና አለች። ከኮርኒሱ በላይ ያለው የእንጨት ወለል ነው፤ በወለሉ ላይ ደግሞ የዳቦ ጋጋሪዋ እናት ተኝተዋል። ከታመሙ ወዲህ ካልደገፏቸው አይነሱም።

«ቀኑን ሙሉ ከመንደዷ በፊት ልለካ?» አለች።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ለአንቺ ደግሞ መለኪያ ጨመሩልሽ!» ብለው ሳቁ። ዳቦ ጋጋሪዋ ግን አልሳቀችም። በእጁ ሲኖር የኖረ ሰው፣ እጁን ሲጠራጠሩበት ራሱን የናቁት ይመስለዋል፤ የጋሽ መዳፍም ሳቅ ከከንፈራቸው አላለፈም። «ወዲህ በይው፤ ራሴ አነባለሁ» አሉ።

ምድጃዋ እየነደደች ቆጣሪው ዘንድ ለኩ፤ ሁለት መቶ ሃያ ቮልት። ሽቦውን አቅፎ ፍሰቱን በሚያነበው መለኪያ፣ ሃያ አምፒር። ወደ ምድጃው ሄደው ሲለኩ ቁጥሩ ሁለት መቶ አሥር ላይ ቆመ።

«መለኪያሽ ተበላሽቷል» አሉ። ተመልሰው ለኩ፤ ሁለት መቶ ሃያ። እንደገና ወደ ምድጃው፤ ሁለት መቶ አሥር።

«ቮልትን ለአምፒር ሲያካፍሉ ሬዚስታንስ ይገኛል፤ ፍሰቱን የሚያግደው እንቢተኝነት ማለት ነው» አለች ልጅቷ። «ሁለት መቶ አሥር ለሃያ ሲካፈል፣ አሥር ተኩል ኦም። ምድጃዋ ላይ ሁለት መቶ ሃያ ቮልት፣ ሃያ አንድ አምፒር ተብሎ ተጽፏል፤ እሱም ሲካፈል ያው አሥር ተኩል ገደማ ነው። ስለዚህ ምድጃዋ ጤነኛ ናት። በመንገድ የቀረውስ አሥር ቮልት?»

«አሥር ቮልት ምን አላት? ዝንብም አትገድል!»

«ብቻዋን ምንም አታደርግም። ግን ቮልትን በአምፒር ሲያባዙ ኃይሉ ይወጣል፤ አሥር ጊዜ ሃያ፣ ሁለት መቶ ዋት። ይህ ሁሉ ሙቀት ቆጣሪውና ምድጃው መሃል አንድ ቦታ እየነደደ ነው።»

«ኧረ በሞቴ!» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ። «እሳት ቢሆን ብሬከሩ አይወርድም ነበር?»

«ብሬከሩ የሚወርደው ፍሰቱ ከሃያ አምስት አምፒር ሲያልፍ ነው፣ እትዬ። አሁን የሚያልፈው ሃያ ነው። ብሬከሩ ፍሰቱን እንጂ የኮርኒሱን ሙቀት አያውቅም።»

«እኔ ግን ዳብሻለሁ!» ጋሽ መዳፍ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ሁለቱም ጫፍ ቀዝቃዛ ነው!»

«እኔንም ያስፈራኝ እሱ ነው፣ አጎቴ። ሙቀቱ በሽቦው ርዝመት ቢበተን ኖሮ ጫፎቹም ለብ ይሉ ነበር። ጫፎቹ ከቀዘቀዙ ሁለት መቶው ዋት እጅዎ በማይደርስበት አንድ ነጥብ ላይ ተከማችቷል። መሃል ላይ መቀጠያ አለ?»

ጋሽ መዳፍ ወደ ኮርኒሱ ቀና አሉ። ሽቦ አንሷቸው በጣት ጠምዝዘው የቀጠሉትን፣ በናስትሮ ጠቅልለው ከኮርኒሱ በላይ የሸሸጉትን ቦታ አስታወሱ። ከእናትየዋ አልጋ ትክክል ሥር ነው።

«ላጥፋው ወይስ ልተወው? ሁለተኛው ዙር ገብቷል፤ የትምህርት ቤቱ ልጆች ለምሳ ይጠብቁኛል» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ በተሰበረ ድምፅ።

ጋሽ መዳፍ በረጅም እርምጃ ሄደው ብሬከሩን ራሳቸው አወረዱት። «ሊጡ ይጣል። እናትሽን አውርጂ!»

መሰላል ወጥተው የኮርኒሱን ጣውላ ሲፈነቅሉ ጭስ ፊታቸውን መታቸው። ናስትሮው አመድ ሆኗል፤ መዳቡ ጠቁሯል፤ ከላዩ ያለው የወለል እንጨት ከስሎ ጫፉ ላይ እንደ ትንባሆ ይግማል። ውሃ አቀበሏቸው፤ አጠፉት። ዳቦ ጋጋሪዋ እናቷን አቅፋ ወርዳ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

ያለ መቀጠያ አንድ ወጥ ሽቦ ዘረጉ። ዳግም ሲለኩ በመንገድ የሚቀረው ሁለት ቮልት ብቻ ሆነ፤ በሃያ አንድ አምፒር አባዝተው አርባ ሁለት ዋት ያሉት ጋሽ መዳፍ ራሳቸው ናቸው። እሱም በሽቦው ሁሉ ተበትኖ ማንንም አይጎዳም። ምድጃዋ ሙሉ ኃይሏን አገኘች፤ ከሰዓት በኋላ የወጣው ዳቦ ቀይ ነበር። እንዲህ ነው፤ በሁለት ልኬትና በአንድ ማባዛት ዳቦውም፣ ቤቱም፣ የተኙትም እናት ዳኑ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው፤ እጅ የሚያውቀው የደረሰበትን ብቻ ሲሆን፣ ስሌት ግን ጣውላ ሳይነቅል ውስጡን ያያል።

ዳቦ ጋጋሪዋ ልታመሰግን ስትነሳ ጋሽ መዳፍ አስቆሟት። «ምስጋናው ለልጄ ነው። እኔ ይህን አቀጣጠል በሰፈሩ ሁሉ ቀጥዬበታለሁ።» ወደ ልጅቷ ዞሩ። «ቦርሳሽን ያዢ፤ ፋብሪካው ዛሬ ይቆይሻል። ቤት ለቤት እንለካለን።»

«ከማን ቤት እንጀምር?»

«ከእናትሽ» አሉ፣ ቀድመዋት እየወጡ።