ቅምሻ ያኮመጠጠው ወይን

በእኛ ጊዜ፣ ልጆች፣ ወይን እንዲህ በየሱቁ ተደርድሮ የሚታይ ነገር አልነበረም። ለቁርባን ከዘቢብ የሚዘጋጀውን እናውቃለን፣ እሱ ደግሞ የመቅደስ ነው፣ ደጅ ላይ አይወራም። ለመጠጡማ ጠላ አለ፣ ጠጅ አለ፣ አረቄ አለ፣ ከዚያ ወዲያ ምን ይፈለጋል? ታዲያ እኔ ደረሰ፣ ዕድሜ ልኬን ድንጋይ ስጠርብ የኖርኩ የቁስቋም ሰፈር ግንበኛ፣ በስተርጅና ወይን ጠማቂ ልሁን ብዬ ተነሣሁ። ሳቁ፣ ሳቁ፣ ገና ምኑን ሰምታችሁ።

ያቺን ግንቡ ላይ የወጣችውን ሐረግ ታዩዋት የለ? እሷን አንድ ወዳጄ ትክል ድንጋይ ከምትባለው ከተማ ቅርንጫፏን አምጥቶልኝ የተከልኳት ናት፣ እና ዓመት ዓመት ፍሬዋን ወፍ ነበር የሚበላው። ካቻምና ግን አፈራች፣ ኧረ እንዴት አድርጋ አፈራች፣ ግንቡ ጠቆረ ነው የምላችሁ። እና በዚያው ሰሞን ልጄን ትዕግሥትን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ከቀሐ ሰፈር መጡ። ልጁ ሸጋ ልጅ ነው፣ እሷም ወዳዋለች፣ እሺ አልን። ታዲያ ሊወጡ ሲሉ አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረግ ጠረግ አደረገና፣ "የልጁ አባት መሪጌታ ቤታችሁን ሊያዩ ይመጣሉ፣ ብቻ ጠጅ አታቅርቡላቸው፣ ማር ሰውነታቸውን ያሳክካቸዋል፣ ወይን ነው የሚቀምሱት" አለን።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ዝም አላልኩም። "ወይንማ ከገዛ ጓሮዬ አጠጣቸዋለሁ ብላችሁ ንገሩልኝ" አልኩ ደረቴን ነፍቼ። ሽማግሌ ደግሞ ወሬ አያሳድርም፣ ቀሐ ሁሉ ሰማ።

ባለቤቴ እንጉዳይ እንግዶቹ እስኪወጡ ጠብቃ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ባይሆንልህስ? የልጄ አማት ገና በመጀመሪያው ቀን አባቷ ቀባጣሪ ነው ይበሉ?" አለችኝ። እውነቷን ነው።

የእህቴ ልጅ ወደ ደቡብ ወርዶ የወይን እርሻ ላይ የሠራ ነው፣ ለእሱ ደወልኩለት። "አያ፣ ቀላል ነው" አለኝ። "ፍሬውን ከዘለላው ለቅመህ ጨፍልቀው፣ ከነልጣጩ ሰፊ ዕቃ ውስጥ አድርገህ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው፣ ራሱ ይፈላል። ልጣጩ ወደ ላይ ሲወጣ ጠዋት ማታ በማማሰያ ወደ ታች መልሰው።"

"ጌሾውስ?"

"ጌሾ የለውም፣ አያ።"

"ዕቃውን በወይራ ላጥነዋ?"

"ኧረ እንዳታጥነው። እርሾም አትጨምር፣ ልጣጩ ላይ አለ።"

እንጉዳይ ስልኩን አብራኝ ትሰማ ነበር። ጠጇ ቁስቋም ሁሉ የሚመሰክርለት ሴት ናት፣ እና "ጌሾ የሌለው፣ ያልታጠነ፣ ይኸ መጠጥ ነው የእግር እጣቢ?" አለች። ልጁ ግን ቀጠለ፣ "መፍላቱን ሲተው አጥልለህ ጀሪካን ሙላ፣ ክዳኑን በስተህ ቀጭን ቱቦ ስካ፣ የቱቦውን ጫፍ ውሃ ውስጥ ንከረው። ትንፋሹ ይወጣል፣ ነፋስ ግን አይገባም። ከዚያ ወዲያ እንዳትከፍተው፣ አያ። አደራ፣ እንዳትከፍተው።"

ሁሉንም እንዳለኝ አደረግሁ። ይንተከተካል፣ ሽታው መንገድ ላይ ድረስ ይጣራል። እና ሽታው ጎረቤት ጠራ። አሁን በእኛ አገር መጠጥ ካለበት ቤት ሰው ገብቶ ሳይቀምስ ይወጣል? እስቲ ንገሩኝ፣ ነውር አይደለም? አያ መኩሪያ በአጥሩ አሻግሮ፣ "ምነው ደረሰ፣ ሸሸግከን እንዴ?" ይለኛል። እከፍታለሁ። ከንፈሩን ይልስና፣ "ኧረ ሸጋ ነው፣ ኧረ ሸጋ ነው!" ይላል። በማግስቱ ወንድሙን ይዞ ይመጣል። እከፍታለሁ። ወንፊት ልትዋስ የመጣችውም ሴት ሳትቀር ቀመሰች። እከፍታለሁ፣ እቀዳለሁ፣ እከድናለሁ፣ እና የጀሪካኑ ወይን ወደ ታች፣ ነፋሱ ወደ ውስጥ።

መሪጌታ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀረው እስቲ ብዬ ብቀምሰው ዓይኔ በራሱ ተጨፈነ። እንጉዳይም ቀመሰችና፣ "ኮምጣጤ ነው" አለች። ለእህቴ ልጅ ብደውል፣ "አያ፣ ከፍተኸው ነበር እንዴ?" "ኧረ አልፎ አልፎ፣ ለቅምሻ።" "ለስንት ሰው?" በጣቴ ብቆጥር ጣቴ አለቀብኝ። "እንግዲያው ለሰላጣ አድርገው" አለኝ። ትዕግሥት አየት አድርጋኝ ወደ ጓዳ ገባች። እሱ ነው የባሰኝ። አፈርኩ፣ ልጆች፣ በጣም አፈርኩ።

ሱቅ ሄድኩ። ለመሪጌታ የተሰናዳው ድግስ ኪሴን አራቁቶታል፣ እና ከመደርደሪያው ርካሿን ጠርሙስ አንሥቼ በነጠላዬ ሸፍኜ ገባሁ።

በማግስቱ መሪጌታ ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው መጡ፣ ባርከው ተቀመጡ፣ ምግብ ቀረበ፣ ጠርሙሷም ቀረበች። አይተዋት፣ "የጓሮው ይኸ ነው?" አሉ። "አይ መሪጌታ፣ የጓሮውስ ኮመጠጠ። ይቺ የሱቅ ናት፣ ያውም ርካሿ" አልኩ መሬት መሬት እያየሁ።

ጠርሙሷን አንሥተው አገላብጠው አዩዋትና ሳቁ። "ይቺንማ እኔም የምገዛት ናት። ውድ የገዛሁ ጊዜ እንግዳ እየቆጠርኩ ስሰቀቅ ነው የማመሸው፣ ይቺ ግን ብትደፋም አታስለቅስም። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጥቂት ትቆይና ከምግብ ጋር ትቀዳ፣ ሌላ ምን ትፈልጋለች?" እና ጠጣን፣ ደግሞ እኮ ጣፈጠች። ጥቂት ቆይተው መሪጌታ ከሰላጣው ጎረሱና ደግመው ጎረሱ። "ይህ ሰላጣ ግን ምን ገብቶበት ነው?"

"የጓሮው ወይን ነው፣ መሪጌታ። ሎሚ አጥቼ" አለች እንጉዳይ።

"እንዴት ኮመጠጠ?"

ነገርኳቸው፣ አያ መኩሪያን፣ ወንድሙን፣ የወንፊቷን ሴት፣ ሁሉንም። ጥምጥማቸው እስኪላላ ሳቁ። ታዲያ ሳቁ ሲበርድላቸው ትዕግሥትን ወደ እሳቸው ጠሩና እንዲህ አሉኝ፦ "ልጄ ከዚህ ቤት ላግባ ሲለኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር የጠየቅሁት፣ ሰው ይገባበታል ወይ? እንግዲህ መልሱን በሰላጣ በላሁት።"

ተጋቡ። መሪጌታ ዛሬም በበዓል ያቺን ርካሽ ጠርሙስ ይዘው ይመጣሉ፣ እኔም ኮምጣጤ ቀድቼ እሸኛቸዋለሁ።

ምን አልክ አንተ? የዘንድሮውስ? ዘንድሮማ ተምሬያለሁ፣ ጀሪካኑ ጓዳ ተቆልፎበታል፣ ቁልፉም እንጉዳይ እጅ ነው፣ የሚከፍት የለም። ምነው ታዲያ እንዲህ ታዩኛላችሁ? ... ኧረ በቃ፣ በቃ። እንጉዳይ፣ ቁልፉን አምጪው እስቲ፣ ብርጭቆም ጨምሪ።

(ከጓዳ) "እንግዲያው ሰላጣውን ልክተፋ!"