«ክፍሉ አይከፈልም» ያሉት ርዕሰ መምህርት

የተከበራችሁ ሐዘንተኞች፣ ዛሬ የምንሸኛቸው ታላቅ እኅታችን፣ ብዙዎቻችሁ «ወይዘሮ ቁጭ በሉ» እያላችሁ የምትጠሯቸው ሰው፣ ከማዳነቅ ይልቅ እውነቱን ይወዱ ነበርና፣ እኔ ታናሽ ወንድማቸው የኖሩትን እንደኖሩት አነብላችኋለሁ።

እኅታችን ከልብስ ሰፊው አባታችንና የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ከነበሩት እናታችን ተወለዱ። ቤታችን ፊቱ የስፌት ሱቅ፣ ጓዳው መኖሪያ ነበርና፣ የልዩ ልዩ ቋንቋ ደንበኞች ስለ ሱሪ ርዝመት ሲከራከሩ እየሰሙ አደጉ። ትምህርት ቤት ሲገቡ ግን መምህሩ የሚያስተምሩበትን ቋንቋ እርሳቸው አያውቁትም ነበርና፣ «ቁጭ በይ» ከሚለው ትእዛዝ በቀር አንዳች ሳይገባቸው ወራት አለፉ። ኋላም እርሳቸው በተራቸው ሲያስተምሩ፣ ተጣልቶ የመጣውን ሁሉ ከወንበር ሳያሳርፉ አንዲት ቃል ስለማይሰሙ፣ ያ ትእዛዝ ቅጽል ስማቸው ሆኖ ቀረ።

ከመምህራን ማሠልጠኛ በማዕረግ ተመርቀው ሥራ በጀመሩበት ትምህርት ቤት፣ ደወሉን ሊጠግኑ ከመጡት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጋር ተዋውቀው፣ ደወሉም ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ይበላሽ ስለ ጀመረ፣ ባልደረቦቻቸው «ኧረ ተጋቡና ደወላችን ይረፍ» ብለው አጋቧቸው። አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅም አፈሩ።

ርዕሰ መምህርት በሆኑ ሰሞን የገጠማቸው ነገር ግን ዛሬም ይወራል። እናቷ የሞተችባት አንዲት ተማሪ ከለቅሶ ተመልሳ ሐዘኗን ለወንበር ጓደኛዋ ስትነግራት፣ ቤተሰቦቿ ከሩቅ አገር መጥተው የሰፈሩት ያቺ ጓደኛዋ አንገቷን ደፍታ ፈገግ አለች። ሐዘንተኛዋም «በእናቴ ሞት ሳቀችብኝ!» ብላ በጥፊ መታቻት። ጠቡ ከልጆቹ ወደ ወንድሞቻቸው፣ ከወንድሞቻቸው ወደ ወላጆቻቸው ተዛምቶ፣ በማግስቱ የነባሮቹና የእንግዶቹ ወላጆች በትምህርት ቤቱ በር ላይ በሁለት ወገን ተፋጠው ቆሙ። የወላጆች ኮሚቴም ልጆቹ በየወገናቸው ክፍል ይለይላቸው ሲል፣ እኅታችን «ክፍሉ አይከፈልም፤ ዛሬ በግድግዳ የለየናቸውን ነገ በምን እናገናኛቸዋለን?» ብለው እምቢ አሉ።

ይሁን እንጂ እርሳቸውም መጀመሪያ ፈገግ ያለችውን ልጅ ይቅርታ አስጠየቋት፤ ልጅቱም ሳትከራከር ይቅርታ ጠይቃ፣ ከዚያ ወዲያ ከትምህርት ቤት ቀረች። እኅታችን ነገሩ አላስቀምጥ ቢላቸው፣ ከአንድ ዳቦ መጋገሪያ ፎቅ ላይ ወዳለው ቤቷ ሄደው፣ በልጅቱ አስተርጓሚነት ከአያቷ ጋር ሲጫወቱ የእናታችንን ሞት አነሡ። ባልቴቲቱም የእኅታችንን እጅ አጥብቀው ይዘው ፈገግ አሉ፤ ከፈገግታው ላይ ግን እንባ ይወርድ ነበር።

«በእኛ ቤት ሐዘን ለነገረን ሰው ፊታችንን አናጠቁርበትም፤ ሸክም መጨመር ነው» አለች ልጅቱ። «ፈገግ የምንለው አይዞሽ ለማለት ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም፣ ልጄ?»

«እርስዎ መቼ ጠየቁኝ? ይቅርታ ጠይቂ ነው ያሉኝ።»

ይህች መልስ እንደ እሾህ ወጋቻቸው። ባልቴቲቱንም ከአስተርጓሚዋ ልጅ ጋር ይዘው፣ የጭነት መኪና ሾፌር የነበሩትን የሐዘንተኛዋን አባት ወደ ቢሮ አስጠሩ። ሰውየው አልቀመጥም ብለው በሩ ላይ ቆመው ሳለ፣ ባልቴቲቱ ተነሥተው ያንኑ እንባ ያዘለ ፈገግታ ቢያሳዩዋቸው ወንበር ሳቡና ተቀመጡ፤ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ያመቁትንም ልቅሶ ለቀቁት። «እማማ፣ እኛ ቤት አብሮ ይለቀሳል» አሉ። «ልጄም አብረሽኝ አልቅሺ ማለቷ ነበር።» ጥፊ ግን ጥፊ ነውና፣ እኅታችን የመታችውን ልጅ ስለ ጥፊው ይቅርታ አስጠየቋት። ቀርታ የነበረችውም ልጅ ወደ ክፍሏ ተመለሰች፤ ልጆቹ ለጊዜው ተኳርፈው ቢሰነብቱም፣ ኋላ ከአንድ ወንበር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ጨረሱ፤ ክፍሉም ሳይከፈል ቀረ። ከዚያ ወዲህ እኅታችን «ይህ በቤትሽ ምን ማለት ነው?» ብለው ሳይጠይቁ ማንንም አልቀጡም፤ ለመምህራኑም ይህንኑ ደንብ አደረጉት።

ጡረታ ከወጡ በኋላ የልብ ሕመም ቢጸናባቸውም፣ ተኝተው በታከሙበት ክፍል መስኮት ይከፈት አይከፈት ብለው የተኳረፉ ሁለት ሕሙማንን ሳያስታርቁ እንዳልወጡ ነርሶቹ ይመሰክራሉ። በመጨረሻም ትናንት ጠዋት፣ ልጃቸው እጃቸውን እንደያዘች፣ በሰላም አረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ነርስ ሴት ልጃቸውን፣ አናጢ ወንድ ልጃቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እኔን ወንድማቸውንና ይህን ግቢ የሞላችሁትን ተማሪዎቻቸውን ትተው ሄደዋል። እኅታችን ማንም የአፍ መፍቻ ቋንቋውን በር ላይ ጥሎ እንዲገባ ፈቅደው አያውቁምና፣ ጸሎታችንን እያንዳንዳችን አፋችንን በፈታንበት ቋንቋ እናድርስላቸው። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ማደሪያ ያሳርፍልን፤ እኛንም ያጽናን።