የዳሱ ሰባት ባሕር ዛፎች

ዳንግላ ዳር፣ ጥር ወር፣ ረፋድ ላይ፤ ከፍተኛ ኃይል ያለው የኤሌክትሪክ መስመር በጓሮው በሚያልፍበት ቤት፣ ከመስመሩ ሥር ዛፍ የምታስጠርገው ማስተዋል ያሳደጓትን አያቷን እማማ አንጓችን የመቁረጫ ፈቃድ ልታስፈርም ወረቀት ይዛ ቆማለች።

አንጓች፦ እሺ፣ ሰባቱ ባሕር ዛፎቼ ከተቆረጡ ዳስሽ በምን ሊቆም ነው? እስቲ አንቺው ንገሪኝ፤ እኔ ባስበው ባስበው መልስ አጣሁለት!

ማስተዋል፦ እማዋ፣ ዳስ የሚጣለው ለሙሽራ ነው። ሙሽራዋ የታለች?

አንጓች፦ ይቺውልሽ! ሱሪ ታጥቃ፣ የላስቲክ ቆብ ደፍታ ከፊቴ ተገትራለች።

ማስተዋል፦ ባል በሌለበት ዳስ? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ።

አንጓች፦ ባልስ ድንገት ይመጣል፤ ዛፍ ግን ድንገት አይመጣም። ኮሌጅ የገባሽ ዕለት በእጄ ተከልኋቸው። ስድስት ዓመት ውሃ ተሸክሜ! ስትደውዪ አንቺን «በላሽ ወይ?» እላለሁ፤ ስልኩን ዘግቼ ደግሞ እነሱን «ጠጣችሁ ወይ?» እላለሁ።

ማስተዋል፦ ታዲያ ከሀገሩ መሬት ሁሉ ለምን ልክ ከሽቦው ሥር?

አንጓች፦ ባዶ ነበራ! እንዲያ ያለ ጽድት ያለ መሬት፣ አንድ ቁጥቋጦ የሌለበት! እግዜር ለአንቺ ያስቀመጠው መስሎኝ እልል ብዬ ቆፈርሁት።

ማስተዋል፦ ባዶ የሆነው እኮ ለሽቦው ብለው ስለጠረጉት ነው!

አንጓች፦ ማን ነገረኝ? ሽቦው እንደሆነ አፍ የለው።

ማስተዋል፦ አሁን አፍ ሊያወጣ ነው። ጫፋቸው ሊደርስበት ሁለት ክንድ ቢቀረው ነው። ኤሌክትሪክ ደግሞ ሳይነኩትም ይዘላል።

አንጓች፦ ይዘላል? እንደ ፍየል?

ማስተዋል፦ ፍየል ብትዘል ጎመን ትበላለች። ይኼ ከዘለለ ቤት ይበላል።

አንጓች፦ በስመ አብ! ከእንዲህ ያለ ጉድ ሥር ነው ስትንጎራደጂ የምትውይው? በይ ቁጭ በይ፤ ዛሬ አትሄጂም። ታማለች ብዬ ለአለቃሽ እደውላለሁ።

ማስተዋል፦ የቡድኑ አለቃ እኔ ነኝ።

አንጓች፦ እንግዲያው ራስሽን አስፈቅጂ!

ማስተዋል፦ እማዋ፣ ሳይቃጠል በቅጠል። እዚህች ላይ ፈርሚ። እንጨቱን ማንም አይወስድብሽም፣ ያንቺው ነው።

አንጓች፦ አንቺ እስክታገቢ ምስጥ ይጨርሰዋላ! የቆመ ዛፍ ይጠብቃል፤ የተጋደመ ግን አይጠብቅም።

ማስተዋል፦ በቦታው ጌሾ ትተክያለሽ፣ ድንች ትተክያለሽ። ከሰው ቁመት የማያልፍ ሁሉ ይፈቀዳል።

አንጓች፦ የድንች ዳስ! ሚዜው በእንብርክክ፣ ሙሽራው በሆዱ እየተሳበ ይገባላ!

ማስተዋል፦ ኧረ ሆዴን! አታስቂኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ።

አንጓች፦ ሳቂ፣ ሳቂ፤ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። እኔም አራተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ፣ ወረቀትሽን አንብቤዋለሁ። «ቀይ ምልክት ያለበት ዛፍ ይቆረጣል» ይላል። አይልም?

ማስተዋል፦ ይላል።

አንጓች፦ በይ ውጪና እዪ። የእኔ ዛፍ ላይ ቀይ የሚባል ነገር የለም።

ማስተዋል፦ ትናንት ሰባቱንም በእጄ ቀብቻቸው!

አንጓች፦ ዝናብ ይሆናላ።

ማስተዋል፦ በጥር?

አንጓች፦ ጤዛም አለ እኮ።

ማስተዋል፦ እጅሽ ለምን ነጭ ጋዝ ነጭ ጋዝ ይሸታል?

አንጓች፦ ኩራዝ ስሞላ ነበር። መብራቱ በጓሮ አለፈ እንጂ በበር መች ገባልኝ?

ማስተዋል፦ እሱስ እውነትሽን ነው። ግን የያዝሽው ጨርቅ ለምን ቀላ?

አንጓች፦ እሺ፣ ጠረግሁት! ስቀዪኝ!

ማስተዋል፦ እማዋ! እኔ እኮ ሰባት ብዬ ጽፌያለሁ። ሰባት ነው የሚፈልጉብኝ!

አንጓች፦ እሱን ሳላስብ ቀረሁ? ቁጥሩ ጎድሎብሽ ከሥራ እንዳትባረሪ ብዬ ሰባቱን ሞልቼልሻለሁ።

ማስተዋል፦ ሞላሽ? የት?

አንጓች፦ ደመላሽ ማሳ ውስጥ። መቶ ዛፍ ያለው ጎረቤት ሰባት ቢጎድልበት መች ያውቀዋል? ድንበሬን ስንዝር በስንዝር ሲገፋ እኔስ መች አወቅሁ?

ማስተዋል፦ በምን ቀለም?

አንጓች፦ በጥፍር ቀለምሽ።

ማስተዋል፦ በአዲሱ?!

አንጓች፦ ምን አዲስ አለው፣ ጠብታ ነው እኮ። ስድስት ዛፍ ላይ አለቀ። ሰባተኛውን በድልህ ጨረስሁት።

ማስተዋል፦ በድልህ! ዛፍ በድልህ! ወይኔ፣ ቆራጮቹ እኮ ምልክት እንጂ ባለቤት አያዩም! አንቺን እስካስፈርም ብዬ ወደ እሱ ልኬአቸዋለሁ። ጋሽ ደመላሽ ከሽቦው ሥር ላሉት ሁለት ዛፎች ብቻ ነው የፈረመው።

አንጓች፦ ሁለትና ሰባት... ዘጠኝ።

ማስተዋል፦ ሒሳብሽስ ግሩም ነው።

አንጓች፦ ያ የሚያጉረመርመው ምንድን ነው? ወፍጮ ነው?

ማስተዋል፦ መጋዝ ነው።

አንጓች፦ እመብርሃን! ... ደግሞስ ደመላሽ ቢያዝን ምን ይሆናል? ሸጦ ሊበላበት ያሳደገው ነው።

ማስተዋል፦ ለሽያጭ አይደለም። እሱም ለዳስ ብሎ ነው ያሳደገው፤ ለልጁ ለአስናቀ።

አንጓች፦ አስናቀ ሊያገባ? ያ ሰው ሲያይ ከግንድ ኋላ የሚደበቀው? የማን ምስኪን ልጅ ላይ ሊወድቅ ነው ደግሞ?

ማስተዋል፦ እሑድ ሽማግሌ ይልካሉ። ሰርጉም ለሚያዝያ ታስቧል።

አንጓች፦ ወደ ማን ቤት ነው የሚልኩት?

ማስተዋል፦ ወደዚህ ቤት። እኔም እሺ ብየዋለሁ።

አንጓች፦ በይ ያን ወረቀት ወዲህ በይ!

ማስተዋል፦ እማዋ? ተቆጣሽ? ... ኧረ ብዕሩን ቀስ፣ ወረቀቱን ቀደድሽው! ... ፈረምሽ? ... እማዋ፣ ወዴት ነው? ጫማሽን! ኧረ በሩ ይኸው ክፍት ነው፣ መጋዙን ለማስቆም አጥር ልትዘይ ነው እንዴ?