ፈረንሳይኛ የሚያውቀው መካኒክ

የሰው ወሬ ማዳመጥ ነውር ነው እያልኩ ልጆቼን አሳድጌያለሁ፤ ታክሲ ውስጥ ግን ጆሮ አይዘጋም። ከሳሪስ ወደ አቃቂ ስንሄድ ከፊቴ አንድ ሽማግሌና አንድ ወጣት ተቀምጠው ነበር። ወጣቱ ወረቀት ይዞ ያነበንባል።

«ምንድን ነው የምታጠናው ልጄ?»

«ቻይንኛ ነው አባባ። ነገ ባቡር ላይ በመካኒክነት ለመቀጠር እፈተናለሁ።»

«መካኒክ ቻይንኛ ምን ያደርግለታል?»

«የጥገና መመሪያው በቻይንኛ ነዋ! ማንበብ የማይችል አይቀጠርም።»

«እኔም የድሮው ባቡር መካኒክ ነበርኩ። የብልሽት ሪፖርት የምንጽፈው በፈረንሳይኛ ነበር።»

«ያኔ ባቡሩ የእነሱ ነበራ።»

«የእኛ ከሆነም በኋላ በፈረንሳይኛ ነው የጻፍነው። መለዋወጫው ከእነሱ ይመጣል፤ አማርኛችንን ማን ያነብልናል?»

«ቢያንስ መመሪያውን ለእኛ አትተረጉሙትም ነበር?»

«ቋንቋውን የምናውቅ ጥቂት ነበርን። ሞተር በቆመ ቁጥር አለቃው መኪና ልኮ ያስጠራኝ ነበር። ተርጉሜ ብሰጥ ማን ይፈልገኛል? ደብተሬን ለረዳቴ እንኳ አላሳየሁም።»

«አባባ፣ እርስዎ ነዎት ለካ ወደ ኋላ ያስቀሩን!»

«ሳቅ፣ ሳቅ። ሬዲዮው ጠዋት ማታ ሉዓላዊነት ይላል፤ የገዛ ባቡራችን ሲቆም ግን ዛሬም አስተርጓሚ እንፈልጋለን። አንተስ ካለፍክ ትተረጉመዋለህ?»

ወጣቱ ወረቀቱን አጠፈ።

«መጀመሪያ ልቀጠር፣ አባባ።»

«እኔም ያኔ እንዲሁ ነበር ያልኩት።»

ለልጄ የገዛሁትን የቻይንኛ መማሪያ መጽሐፍ ሽፋኑ እንዳይታይ ጭኔ ላይ ገለበጥኩት።