የምትንቀጠቀጠው ኦቶሞቢል

ጌታዬ ባላምባራስ ሁለት ሰው ብቻ የምታስቀምጥ አሮጌ የእሽቅድምድም ኦቶሞቢል ነበረቻቸው፤ ሾፌሯ እኔ ነኝ። ከክረምት ወዲህ ግን ፈጠን ስትል እንደ ወባ በሽተኛ ትንቀጠቀጥ ጀመር። ሞተሩን ፈትቼ ገጠምኩት፤ ወይ ፍንክች! «እስከ ሰኞ ካልተሻላት እሸጣታለሁ» አሉኝ። እሷ ከተሸጠች እኔም ከእንጀራዬ ተነቀልኩ ማለት ነው።

እሑድ ባለቤቴ አስካለ ከጊዮርጊስ ቅዳሴ ስትወጣ፣ «ነይ፣ አጠገቤ ተቀመጪና የት ጋ እንደሚነዝርሽ ንገሪኝ» አልኳት። ወደ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በሚወስደው ቁልቁለት ሞተሩን አጥፍቼ ኦቶሞቢሏን ለቀቅኳት። አሁንም ተንቀጠቀጠች! ለካ ሞተሩን በከንቱ ነው የጠረጠርኩት። አስካለ፣ «ከእኔ እግር ሥር ነው፤ ከፊት!» ብላ ጮኸች። ድልድዩ ጋ አቁሜ በእሷ በኩል ያለውን የፊት ጎማ ብፈታው፣ በቸርኬው ውስጥ በአንድ ወገን የክረምት ጭቃ እንደ ድንጋይ ደርቆ ተጋግሮ የጎማውን ሚዛን አስቶታል። ፍቄ አወጣሁት። ዳገቱን ወጥተን እንደገና ስንወርድ ኦቶሞቢሏ እንደ ውሃ ፈሰሰች፤ እኔም እፎይ አልኩ። አስካለ ግን ነጠላዋን አስተካክላ፣ ቆሞ የሚያየንን ሰው በዓይኗ እየቃኘች፣ «እኔ እንጃ፣ አሁንም ትንሽ የነዘረኝ መሰለኝ። እስቲ አንዴ ደግመን እንውረድ» አለች። ምንም እንዳልነዘራት ዐውቃለሁ። ሳቄን ዋጥ አድርጌ መሪውን ወደ ጊዮርጊስ አዞርኩ።