የታኩራይን ቁልፍ

ነይ ሱክራጂ፣ ግቢ… እዚያኛው ወንበር ላይ አትቀመጪ፣ እግሩ ተሰብሯል። እዚህ ጥግ ላይ ነፋስ አለ። ይሄ ሁሉ ባሚያ ለኔ ነው? እጅሽ ይባረክ። የሸንኮራ አገዳ መኪኖቹ ከንጋት ጀምሮ ሲመላለሱ ነው ያረፈዱት፤ አቧራው ደግሞ ሌላ ማረፊያ አላገኘም፣ እኔ ያሰጣሁት ልብስ ላይ ነው የሚያርፈው። ድሮ እንኳ ደህና ነበርኩ። ልብሱ ነጭ ነው ሲሉኝ ነጭ ነው እላለሁ። እነዚያ ከባሕር ማዶ የመጡ ሐኪሞች ዓይኔን ካበሩልኝ ወዲህ ግን ነጭ የሚባል ነገር ከቤቴ ጠፋ።

ሻይሽን ጠጪ። ጣፈጠሽ? በዛ እንዴ ስኳሩ? … እንግዲህ ዛሬ በዚህ ቤት ስኳር እንደ ልብ ነው። ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ፣ አታጣድፊኝ።

ምን ብለሽ ነበር ባለፈው የጠየቅሽኝ? አዎ… የእባቧ ሙሽራ ድራማ። ያንቺን ቴሌቪዥን ጎርፉ ከወሰደው ጀምሮ ምን እንደደረሰ አታውቂም። ከገጸ ባሕርያቱ ማንን ትወጃለሽ፣ ማንን ትጠያለሽ ነበር ያልሽኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፣ እንዲህ ያለ ቁም ነገር ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም።

ድምፄን ዝቅ ላድርግ? ለምን? የኩሽናው መስኮት ክፍት ቢሆንስ… ስለ ቴሌቪዥን እኮ ነው የምናወራው። በኩሽናው ያለ ሰው ለመንገዱ ስንቅ እየጠበሰ ነው፣ ዘይቱ ይጮሃል፣ እኛን አይሰማም። ቢሰማስ? ከኛ ጋር ይስቅ።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። ፑርኒማ የምትባል እባብ አለች። የአባቷን ደም ልትመልስ ሰው ሆና፣ ተሽቀርቅራ፣ ወደ ገዳዮቹ ቤት ሙሽራ ሆና ትገባለች። አማትየዋ ታኩራይን ትባላለች። ጠንቋይ ናት፤ እግሮቿ ወደኋላ የዞሩ ናቸው፣ በቀሚሷ ጫፍ ሸፍና ነው የምትሄደው። ባልየው ደግሞ አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከእባብ ጋር አንድ አልጋ ላይ ተኝቶ፣ "ዛሬ እግርሽ ቀዘቀዘኝ" ከማለት በቀር ምንም ያልጠረጠረ። የኔ ልጅ ሙኔሽም እሁድ እሁድ ከባሕር ማዶ፣ ከኦክላንድ ይደውላል። "ሁሉ ሰላም ነው?" ይላል። "ሰላም ነው" ሲሉት "በሉ ደህና ሁኑ" ይላል። አሁን እሱ ለምን ትዝ እንዳለኝ እንጃ።

ታዲያ እኔ ይሄን ድራማ እንዴት አየሁት በዚያ ዓይኔ? ሲናገሩማ ራሴ እሰማለሁ። ግን ምን ይናገራሉ? ግማሹ ከበሮ ነው፣ ግማሹ ነጎድጓድ ነው። ከበሮው ሲመታ ሰው አንድ ነገር እያደረገ ነው ማለት ነው፣ እኔ ደግሞ አላይም። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ያቺ ሰው የምትመጣው… ስሟን ምን አስጠራኝ። በዚህ ቤት አምላክ አንደበት የሰጣት አንዲት ሰው አለች። በየምሽቱ አንድ ሰዓት ሲሆን አጠገቤ ትቀመጣለች፣ ሽንኩርቷን እየላጠች ትነግረኛለች። እንዴት ያለች ነጋሪ መሰለችሽ። ከሷ አፍ የወጣውን ነገር ዓይን ያለውም ሰው እንደዚያ አያየውም።

የምወዳት ማን ናት አልሽ? ፑርኒማ ናታ። ሌላ ማንን እወዳለሁ? ጎህ ሳይቀድ ትነሳለች፣ ትጠርጋለች፣ የሮቲውን ቂጣ ትጋግራለች፣ የሁሉንም ልብስ ታጥባለች፣ ክፉ ቃል ከአፏ አይወጣም። "እባብ ሆና ይሄን ሁሉ ትሠራለች?" ስል፣ "ትሠራለች እማ፣ ምን ታድርግ" ትለኛለች ነጋሪዋ። አንድ ቀን እንዲያውም አለቀስኩላት። እግሬን ዘርግቼ፣ የቀረበልኝን በልቼ፣ ሳህኔን የሚያነሳልኝ ሰው እየጠበቅሁ… ለእባቧ ድካም አለቀስኩ።

የምጠላትስ? ይሄ ምን ይጠየቃል። ታኩራይን! ኧረ እሷስ ሰውም አይደለች። ምን ታደርግ እንደነበር ልንገርሽ? ወተቱን ሰው እንዳይጠጣባት ድስቱን ከፍታ ታሸታለች። እንቁላሉን ጠዋት ትቆጥራለች፣ ማታ ደግማ ትቆጥራለች። ዘይቱ ስንት እንደቀረ በጣቷ ለክታ ታውቃለች። ቅቤውን አልጋዋ ሥር አስቀምጣ ጉንዳን በላው። ፑርኒማ ልብስ ስታጥብ ከኋላዋ እየተከተለች ቧንቧውን ትዘጋለች። ከሁሉ ከሁሉ ደግሞ… ስኳሩን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋ፣ ቁልፉን በጥቁር ክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትዞራለች።

ስኳር እኮ ነው ሱክራጂ! በላምባሳ ምድር፣ የስኳር ፋብሪካው ጭስ ራሱ በሚጣፍጥበት አገር፣ የስኳር ቁልፍ አንገት ላይ። "አታፍርም እንዴ ይቺ አሮጊት?" እላለሁ። "አታፍርም እማ" ትለኛለች ነጋሪዋ፣ በለስላሳ ድምፅ። እኔ እረግማለሁ። ያ ክር ይነቃት እላለሁ፣ ስኳሯ ውስጥ ጊንጥ ይግባባት እላለሁ፣ ስትሞት የሚያለቅስላት አይኑር እላለሁ። ከአጠገቤ "ይሁን እማ" ይላል ያ ለስላሳ ድምፅ። ሁለት ዓመት፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ። እንዴት ያለ ትዕግሥት ነው በይኝ። እኔ ብሆን በሳምንቱ ስቄ ራሴን አጋልጥ ነበር።

ሳቂ፣ ሳቂ። ገና ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ ተጣላን በድራማው። ያ ነገር ከደረሰብን በኋላ ነው፣ ታውቂያለሽ፣ ሙኔሽ በሄደ ሰሞን፣ አራት ወር የሞላው ፅንሷ የወረደ ጊዜ። ወር ያህል ቆይቶ ይመስለኛል። ከበሮው ዝም ብሎ ዋሽንት ብቻ ይሰማል። ምን እያደረጉ ነው ስል፣ ፑርኒማ ታማ ተኝታለች፣ ታኩራይን ደግሞ እግሯ ሥር ተቀምጣ በኮኮነት ዘይት እግሯን እያሸችላት ነው አለችኝ። እስኪነጋ አሸቻት፣ አንድ ቃል አልተናገረችም አለችኝ።

እኔ አላመንኩም። "ያቺ ሰይጣን? እግሯን ነክታ ልትመርዛት ይሆናል እንጂ!" አልኩ። እንዲህ ብዬ ዝም ብል ምን ነበረበት… "እኔም እኮ ላንቺ እንደዚህ አድርጌልሽ ነበር፣ ግን እኔ ከልቤ ነው፤ እሷ የሆነ ነገር ፈልጋ ነው" አልኳት። ሱክራጂ፣ እንዲህ አልኩ። በዚህ አፌ። እሷም "የለም እማ፣ እሷም ከልቧ ነው" ብላ ሽንኩርቱን ይዛ ወደ ኩሽና ገባች። ያን ዕለት የቀረውን ማንም አልነገረኝም። ከበሮውን ብቻዬን ስሰማ አመሸሁ።

ከዚያ ሐኪሞቹ መጡ። ጨርቁን ሲፈቱልኝ መጀመሪያ ያየሁት የሷን ፊት ነው። ታለቅስ ነበር። ደስ ብሏት ነው። እኔ ሞኟ፣ ያኔ ለኔ የተደሰተች መስሎኝ አቅፌያት አብሬ አለቀስኩ… የኦክላንዱ መግቢያ ወረቀቷ ከመጣ ዓመት ከመንፈቅ አልፎታል፣ ታውቂያለሽ አይደል? "እማን በዚህ ዓይኗ ጥያት አልሄድም" ብላ ነው የቀረችው። እንግዲህ ዓይኔ በራ። ቲኬቱ በሳምንቱ ተቆረጠ። ምን ያህል ለጤናዬ ትጓጓ እንደነበር ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?

ለማንኛውም ዓይን አገኘሁና አንድ ሰዓት ሲሆን ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጥኩ። ታኩራይን መጣች። ወርቅ በወርቅ ናት። ጥፍሯ ይሄን ያህላል። አንገቷን አየሁ፣ የአልማዝ ሐብል ነው። ቁልፉስ? ዛሬ አውልቃው ይሆናል አልኩ። በነጋታውም የለም። ሳምንቱን ሙሉ ቁልፉን ጠበቅሁ። ኩሽና እንኳ አትገባም ሴትዮዋ! ወተት አታሸት፣ እንቁላል አትቆጥር። ያቺ ምስኪን ፑርኒማ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስትደንስ ነው ያየኋት፤ መጥረጊያ ጨብጣ አታውቅም።

በማክሰኞው የጸሎት ማኅበራችን ላይ ሴቶቹን ጠየቅኋቸው። "ታኩራይን የስኳሩን ቁልፍ የት አደረገችው?" አልኳቸው። "የምን ቁልፍ?" አሉኝ። "አንገቷ ላይ የነበረው፣ በጥቁር ክር።" እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ አንዷ መልስ መስጠቱን ትታ አንገቴን አየች።

እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ።

ሠላሳ ዓመት አንገቴ ላይ አለ እኮ። ከቆዳዬ ጋር ተላምዶ እንዳለም እረሳዋለሁ። እዚያው ምንጣፉ ላይ፣ በሰው መሀል፣ የምጠላትን ገጸ ባሕርይ አገኘኋት። ሁለት ዓመት ስረግማት ኖሬ… ክሩ ይነቃት ያልኩት፣ የሚያለቅስላት አይኑር ያልኩት። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም፣ ልብ በይ። በዚህ ቤት አማቱን የሚሰድብ ሰው የለም። ራሴን በራሴ አፍ ነው ያሰደበችኝ፣ እያበላችኝ፣ እያጠጣችኝ፣ ፀጉሬን እያበጠረችልኝ። እንዲህ ያለች ባለሙያ በፊጂ ምድር ሌላ ካለች ንገሪኝ።

የነደደኝ ግን ይሄ አይደለም። ስድቡን ማን ያጣዋል። ስለ እግሩም ጠየቅኋቸው ሴቶቹን፣ ስለ ኮኮነት ዘይቱ። እንዲህ ያለ ነገር በድራማው የለም አሉኝ። ታኩራይን የማንንም እግር አሽታ አታውቅም አሉ። እኔ የሠራሁት አንድ ደግ ነገር ቢኖር እሱ ነው፣ እሱንም ያቺ ልጅ ቆጥራልኝ ነበር… አምጥታ ፊቴ አስቀመጠችው፣ እኔ ደግሞ "ልትመርዛት ነው" አልኩ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ አፍራለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ዘይቱ ጸጥ አለ እንዴ? ጠብሳ ጨርሳ ይሆናል… ጥሩ። ቅዳሜ ጠዋት ነው አውሮፕላኑ። ሻንጣዋ ተዘጋግቷል። አሁን የቀረ ነገር የለም፤ ሁሉን ነገር ራሴ አያለሁ፣ ማንም አያስፈልገኝም፣ ሐኪሙም ብሎኛል። ግን እውነቱን ልንገርሽ? ድራማው አሰልቺ ነው። ይቺ የቴሌቪዥኗ ታኩራይን ምን ታደርጋለች… ትበራለች፣ እሳት ትተፋለች፣ ከዚያ ሌላ ምን ታውቃለች? ለአንድ ኩባያ ስኳር ሌሊት ከእንቅልፏ ትነሳለች? የኔዋ ትሻል ነበር። ትናንት መሃል ላይ ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ በጨለማ ዓይኔን ጨፍኜ ተቀመጥኩ። ሰው መጥቶ አጠገቤ ሽንኩርት የሚልጥ መስሎኝ።

አየሽ ያንን ምስማር? የኩሽናው በር አጠገብ ያለውን። ዛሬ ጠዋት ቁልፉ ከነክሩ እዚያ ላይ ተንጠልጥሎ ተገኘ። ማን እንደሰቀለው እኔ ምን አውቄ። ታኩራይን ትሆናለች፣ ትበራለች አይደል የሚሏት። ስኳሩን የጨመረልሽ ሰው ቁልፉን አይቶታል፣ ከፍቶበታል፣ አንዲት ቃል ግን አልተነፈሰም። እኔም አልተነፈስኩም። እንዲህ ነን እኛ። "ቅሪ" ማለት ስንት ቃል ነው ሱክራጂ? አንድ ቃል ነው። እሱን ለመናገር ደግሞ ይሄው ስለ ቴሌቪዥን አንድ ሰዓት ሙሉ ሳወራ አረፈድኩ፣ አሁንም አልወጣኝም።

ትሂድ። ባሏ ዘንድ ነው የምትሄደው፣ ምን ብዬ አስቀራለሁ። ልመርቃት ብቻ። እዚሁ ሆኜ፣ መስኮቱም ክፍት ነው።

መንገዷን ያቅናላት። ማሕፀኗን ይክፈትላት፣ ወንድ ልጅ ይስጣት፣ እሱም አድጎ እንደ ራሷ ያለች ምራት ያምጣላት… መልከ ቀና፣ ታጋሽ፣ አንደበቷ የለሰለሰ፣ ያየችውን ሁሉ የምትነግራት። እንደኔ እርጅና ያድርሳት፣ በእርጅናዋ ጊዜ ዓይኗን ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ ያዝ ያድርገውና፣ ማታ ማታ ከበሮው ሲመታ "ምን እያደረጉ ነው ልጄ?" የምትላት ሰው ከጎኗ አይጥፋ። እነዚያን ሐኪሞች ግን… አደራ፣ የድራማው የመጨረሻ ክፍል እስኪያልቅ ድረስ ደጇን አያሳያቸው።